ከባለ ሠረገላው ቋንጃ እስከ ቢሾፍቱ አህያ

ቢሾፍቱ ውስጥ ጋሪ የነዳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይወድ ያየው ነገር አለ። ማታ ደህና ያደረው ፈረስ ጠዋት መሬት ላይ ሲንከባለል ይገኛል። አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል፣ በኋላ እግሩ ሆዱን ይመታል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። አህያ ከሆነ ደግሞ ይህን ያህል አይንፈራገጥም፤ ጆሮውን ጥሎ፣ መኖውን ትቶ ዝም ይላል። ባለቤቱ መታመሙን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከረፈደ ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ የኑግ ዘይት አጠጡት ይላል፣ ሌላው አረቄ ይሻለዋል ይላል፣ ሦስተኛው አስነሥታችሁ አዙሩት ይላል። ጥፋቱም በሻገተ ጭድ፣ በተዋጠ ፌስታል፣ ካልሆነም በሰው ዓይን ይሳበባል።

አንዳንዱ ቁርጠት በእርግጥም ከመኖ ይመጣል። ሌላው ግን ምንጩ ለአንጀቱ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ነው፤ ቧንቧው አብጦ ውስጡ አንድ ነገር ይበቅልበታል። ያ «አንድ ነገር» ምን እንደሆነ፣ ጠላት ይሁን ወዳጅ፣ ለመለየት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ነገሩ የሚጀምረው ከአህያም ከፈረስም ሳይሆን ፈረስ ከሚነዳ ሰው ቋንጃ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በታኅሣሥ 1785 ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል አንድ የ45 ዓመት ሠረገላ ነጂ ተኝቶ ነበር። ከጉልበቱ ጀርባ እንደ ልብ የሚመታ እብጠት ወጥቶበታል። ዛሬ ሐኪሞች አኑሪዝም ይሉታል። የደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሲደክም፣ ልብ የምትገፋው ደም እየለጠጠ እንደ አሮጌ ከመነዳሪ ያሳብጠዋል። በእብጠቱ ውስጥ ደሙ ፍጥነቱን ያጣና ይሽከረከራል፤ ዳር ዳሩን ይረጋል፤ በረጋው ላይ ሌላ ይረጋበታል። እንዲያ እየተደራረበ ሲሄድ ቧንቧው ውስጥ ሌላ አካል የበቀለ ይመስላል።

በዚያ ዘመን ምርጫው እግሩን መቁረጥ ወይም እብጠቱን ከፍቶ ከሚንዠቀዠቀው ደም ጋር መታገል ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ጆን ሃንተር ሁለቱንም ተወና ጭኑን ከፍቶ ጤነኛውን ቧንቧ ከእብጠቱ ርቆ ከላይ አሰረው። ደሙ በትንንሾቹ የጎን ቧንቧዎች ዞሮ እግሩን መገበ። ሰውየው በ6 ሳምንት ከሆስፒታል ወጣ፤ ወደ ሠረገላውም ተመለሰ። በ1787 በትኩሳት ሲሞት ሃንተር እግሩን አግኝቶ መረመረው። እብጠቱ ተኮማትሯል፤ ውስጡን የሞላው የጠነከረ የረጋ ደም ነው። ሌላ ጊዜ ሰው የሚገድለው የረጋ ደም እዚህ እንደ ውሻል ሆኖ ቀዳዳውን ደፍኗል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሃንተር እንስሳ የሚከፍትም ሰው ነበር፤ በ1791 የለንደኑ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሲቋቋም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ፈረንሳይ ሊዮን ላይ በ1761 ተመሥርቶ ነበር። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሞተ ፈረስ መክፈት የዕለት ሥራ ሆነ። ሲከፈት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር ተደጋግሞ ይታይ ጀመር፤ ከዋናው ደም ቅዳ፣ ከአኦርታ፣ ወርዶ አንጀቱን የሚመግበው ግንድ አብጦ ይገኛል። ውስጡ የረጋ ደም አለ፤ በረጋው ደም ውስጥ ትል።

ትሉና ቁርጠቱ ምን እንደሚያገናኛቸው የገለጸው ኦቶ ቦሊንገር ነው፤ በ1870 ሙኒክ ላይ ስለ ፈረስ ቁርጠትና ስለ «ትል አኑሪዝም» አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መንገዱን የጠረገለት ሩዶልፍ ፊርሾ ነበር። ፊርሾ በ1840ዎቹ መጨረሻ፣ የረጋ ደም ከበቀለበት ቦታ ተገንጥሎ በደም ጎርፍ ሊጓዝና ሩቅ ያለ ጠባብ ቧንቧ ሊወትፍ እንደሚችል አሳይቷል። ቦሊንገር ያንን ወስዶ በፈረስ ላይ ሞከረው። ከትሉ እብጠት ፍርፋሪ ይገነጠላል፣ ወደ አንጀቱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ይወርዳል፣ አንዱን ይዘጋል፤ ደም ያጣው የአንጀት ቁራጭ መንቀሳቀስ ያቆማል፣ ይነፋል፣ ይጠቁራል። መሬት ላይ የሚንከባለለው ፈረስ ሆዱን የሚመታው ስለዚህ ነው።

ትሉ ራሱ ትክክለኛ መታወቂያውን ያገኘው ግን ለእኛ ቀረብ ባለ አገር፣ ግብፅ ውስጥ ነው። ጀርመናዊው አርተር ሎስ ካይሮ በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀምጦ የፈረስና የአህያ አንጀት ትሎችን አንድ በአንድ ለየ፤ ሥራውም በ1901 ታተመ። እስከዚያ ድረስ እንደ አንድ ሲቆጠሩ የነበሩት ትሎች ብዙ ዘር ሆነው ተገኙ። ቧንቧ ውስጥ የሚያድረውን በ1900 «ቩልጋሪስ» ብሎ ሰይሞታል፤ በላቲን «ተራው» ማለት ነው። ሎስን ዓለም የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው፤ የመንጠቆ ትል እጭ የያዘ ውኃ በስሕተት እጁ ላይ ፈስሶበት፣ እጁን ሲያሳክከው ትሉ በቆዳ እንደሚገባ በራሱ ገላ ያረጋገጠ ሰው ነው። በ1923 ሞተ።

ታሪኩ ለሁለት የሚከፈለው በዚያው በ1923 ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ከትሉ ጋር ይሄዳል፣ ሌላው ከረጋው ደም ጋር። ስትራስቡርግ ውስጥ ፒየር ማሶን የተባለ የፓቶሎጂ ሊቅ ከአንድ የ68 ዓመት ሰው ኪንታሮት የተወሰደ ደም መልስ ቧንቧ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። ማሶን እስከ ዛሬ የየላቦራቶሪው ሰው የሚጠቀምበትን ባለ ሦስት ቀለም ማቅለሚያ የፈጠረ ነው፤ ዓይኑ የዋዛ አልነበረም። ቧንቧው ውስጥ ያየው ደግሞ እንግዳ ነገር ነው። ቀጫጭን ጣቶች ከግድግዳው ተነሥተው ወደ መሐል ተንጠልጥለዋል፤ እያንዳንዱ ጣት የቧንቧን የውስጥ ገበር በሚሠሩት ሴሎች ተሸፍኗል። በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለውን የአድኣን ማሳ ለሚያውቅ ሰው፣ ነፋስ ያዘመመው የጤፍ ዘለላ ማለት ነው። ማሶን አዲስ ዕጢ አገኘሁ አለ፤ ረጅም የፈረንሳይኛ ስምም ሰጠው።

በ1932 ስዊድናዊው ፎልኬ ሄንሼን፣ ይህ ዕጢ ሳይሆን ቧንቧው ለደረሰበት ጉዳት የሰጠው ምላሽ ነው ብሎ ጻፈ። ቃሉ ግን በሰፊው ተቀባይነት ለማግኘት ዘገየ። በ1976 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች፣ ክሊርኪንና ኤንዚንገር በአንድ በኩል፣ ክዎ፣ ሴየርስና ጁዋን ሮሳይ በሌላ በኩል፣ ነገሩን አፍረጥርጠው አወጡት። ደም ሲረጋ የቧንቧው ገበር ሴሎች እየተሳቡ የረጋውን ደም ያለብሱታል፣ ይቦረቡሩታል፣ በጣት በጣት ይከፋፍሉታል። የጣቶቹ እንብርት ራሱ የረጋው ደም ነው። ጊዜ ሲያገኙ ጣቶቹ እርስ በርስ ይዋሃዳሉ። በአጭሩ ጥገና ነው፤ ልክ ያለፈ ጥገና።

አደጋው የነበረው ከመምሰሉ ነው። በማይክሮስኮፕ ለሚያይ ሰው ይህ እድገት አንጂዮሳርኮማ ከሚባለው ክፉ የደም ቧንቧ ካንሰር ጋር ይምታታል፤ ያኛው ደግሞ አካል የሚያስቆርጥ ሕመም ነው። ልዩነቱ በዝርዝር ውስጥ ነው። የማሶን እድገት ከቧንቧው አጥር አይወጣም፤ ሴሎቹ አይደራረቡም፤ የሞተ ሥጋ አይታይበትም፤ የሚባዛ ሴልም እምብዛም አይገኝበትም። ሐኪሞች ዛሬ በሦስት ይከፍሉታል። አንዱ በጤነኛ ቧንቧ ውስጥ ለብቻው የሚበቅለው ነው። ሌላው ከቧንቧ ውጭ በፈሰሰ ደም ውስጥ የሚገኘው፣ ብርቅ የሆነው ነው። ቀሪው ቀድሞ በተበላሸ ቧንቧ ውስጥ የሚያድገው ሲሆን አኑሪዝምም ከዚህ ውስጥ ይገባል። በሰው ደም ቅዳ እብጠት ውስጥ ማግኘት ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ቋንጃ ነው። የሃንተር ሠረገላ ነጂ እብጠት የነበረበት ቦታ መሆኑ ነው።

ወደ ትሉ እንመለስ። የሰው ሐኪሞች ማሶን ትክክል ነው አይደለም ሲባባሉ፣ የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል ቧንቧ ውስጥ ምን ይሠራል እያሉ ይከራከሩ ነበር። ጀርመናዊው ካርል ኤኒክ በ1950 አካባቢ፣ ግላስጎ ላይ ደግሞ ደንካንና ፒሪ በ1972 መንገዱን በዝርዝር አወጡት።

እንቁላሉ በፋንድያ ይወጣል። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ እጩ ይፈለፈላል፤ ዝናብ ሲመጣ ሣሩ ላይ ይወጣል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል፤ ሰርዶው ሳለች እንደሚገድላት ብታውቅ ምን ትል ይሆን እላለሁ። ከሣሩ ጋር የተዋጠው እጭ አንጀቱን በስቶ ይገባል። በሳምንት ገደማ ቆዳውን ቀይሮ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ያገኛል። ከዚያ ደሙ ከሚወርድበት በተቃራኒ፣ የቧንቧውን የውስጥ ገበር እየላሰ ሽቅብ ይሳባል። በሁለት ሳምንት አካባቢ ዋናው ግንድ ይደርሳል። እዚያ ለሦስት ለአራት ወር ያድጋል። በመጨረሻ በደሙ ተንሳፍፎ ወደ አንጀቱ ይመለሳል፤ ከተዋጠ ከ6 እስከ 7 ወር በኋላ እንቁላል መጣል ይጀምራል። በሄደበት ሁሉ ገበሩ ይገፈፋል፣ በተገፈፈው ላይ ደም ይረጋል። ለነገሩ «አኑሪዝም» የሚለው ስም ራሱ ለፈረስና ለአህያ ሙሉ በሙሉ አይስማማም፤ የሰውየው ቧንቧ ሳስቶ ሲነፋ፣ የእነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወፍሮ ይደድራል። ዛሬ የሙያው ሰዎች በትል የመጣ የደም ቅዳ ቁስለት ማለትን ይመርጣሉ፤ የድሮው ስም ግን ከአፍ አልወጣም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቢሾፍቱ፣ ያኔ ደብረ ዘይት፣ በእንስሳት ሕክምና ስሟ እየገነነ ነበር። በ1964 ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚህ ተቋቋመ። ዋናው ጠላት የከብት ደስታ በሽታ ነበር፤ በምኒልክ ዘመን በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀንን ያመጣው። የአፍሪካ የእንስሳት ክትባት መቆጣጠሪያ ማዕከልም ኋላ መቀመጫው እዚሁ ሆነ፤ ደስታ በሽታ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለበሬ የተከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነው። ውኃውን፣ እንጨቱን፣ ጤፉን የሚሸከመው አህያ ግን ወረፋ ያዥ ሆኖ ቆየ። አገሪቱ በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም መሆኗን ሳስብ ይህ ነገር ይከነክነኛል።

በ1979 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ደብረ ዘይት ላይ ተከፈተ። አገሪቱ የራሷን የእንስሳት ዶክተሮች ማስተማር ስትጀምር የሬሳ ምርመራ ጠረጴዛም አብሮ መጣ። አህያ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት፣ ከባዱ ትልቁ አንጀት ወደ ጎን ይሳብና እጅ ወደ ጀርባ አጥንቱ፣ ወደ ግራ ኩላሊት አቅጣጫ ይገባል። የሚፈለገው ያ የአንጀት ደም ቅዳ ግንድ ነው። ጤነኛው በጣት መሐል ሲያዝ ይለመጣል፣ ይንሸራተታል። ትል ያደረበት እንደ ካሮት ይደድራል። በመቀስ በቁመቱ ሲሰነጠቅ አንዳንዴ አሸዋ እንደሚቆርጥ ይንኮሻኮሻል፤ ግድግዳው ውስጥ ኖራ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ውስጡ ቀይና ግራጫ የተዘነቀበት፣ ከገበሩ ጋር የተጣበቀ የረጋ ደም አለ። በፒንሳ ቀስ ብሎ ሲላጥ የክብሪት እንጨት ግማሽ የማይሞሉ፣ ሐመር ቀይ ትሎች ጭንቅላታቸውን ቀብረው ይገኛሉ። ሬሳው ካልቆየ ይንቀሳቀሳሉ።

ያ የረጋ ደም ማሶን ካየው ጋር አንድ ሕግ ነው ያለው። ገበሩ ሊያለብሰው ይሳባል፣ ሊቦረቡረው፣ ወደ ሥጋ ሊለውጠው ይሞክራል። ከሃንተር ሠረገላ ነጂ የሚለየው ግን እዚህ ጥገናው መሐል ላይ የሚያላምጥ ነገር መኖሩ ነው። ትሉ በበላበት ደም ይረጋል፣ ገበሩ ይሸፍናል፣ ትሉ እንደገና ይገፋል። ሠረገላ ነጂውን ያዳነው ውሻል፣ አህያው ላይ እየተፈረፈረ አንጀቱን ይዘጋል።

መድኃኒቱ የመጣው በሁለት ደረጃ ነው። በ1961 ታያቤንዳዞል ወጣ፤ አንጀት ውስጥ ያለውን ትል በደንብ ገደለ፣ ቧንቧ ውስጥ የተደበቀውን ግን በተለመደው መጠን አልነካም። በ1981 ለገበያ የቀረበው አይቨርሜክቲን ነው እዚያ የደረሰው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ካወጣው ባክቴሪያ የተገኘ መድኃኒት ነው፤ እሱና ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል። ዛሬ በገጠራችን ዓይን ለሚያሳውረው የወንዝ ዝንብ በሽታ በነጻ የሚታደለው ክኒን ያው ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ግን ለከብትና ለፈረስ ነበር። በደም ተሸክሞ ቧንቧው ውስጥ ያለውን እጭ ይገድላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ትል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ዴንማርክ በ1999 የትል መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሰጥ ስትደነግግና መድኃኒቱ ሲቀንስ፣ ትሉ ተመልሶ መታየቱን በ2012 የወጣ ጥናት አሳይቷል። «ተራው» መባሉ ለካ ያለ ነገር አልነበረም።

ደብረ ዘይት ላይ ከፋኩልቲው ጋር የሠራው የእንግሊዙ ዶንኪ ሳንክቹሪ ነው፤ መሥራቿ ኤልሳቤጥ ስቬንድሰን ናት። የኢትዮጵያውን ሥራ ከመሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ፍስሐ ገብረአብ ነበሩ። በ1990 ኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ላይ ስለ አህያ፣ በቅሎና ፈረስ በተደረገው ጉባኤ፣ ፍስሐና ባልደረቦቻቸው የደብረ ዘይትና የመናገሻ አህዮችን የውስጥ ትልና አይቨርሜክቲንና ፌንቤንዳዞል የተባለው ሌላ የትል መድኃኒት በታቀደ ጊዜ ሲሰጡ የሚያደርጉትን አቀረቡ። «በታቀደ ጊዜ» የሚለው ቃል ዋናው ነው፤ አህያው እስኪወድቅ ሳይሆን ሣሩና ዝናቡ ተጠንቶ ማለት ነው። እሳቸው ከተሳተፉባቸው ሥራዎች አንዱ በ2010 ሲታተም ቁጥሩ አስደንጋጭ ነበር። ፋንድያቸው ከተመረመረ የጭነት አህዮች ከ100 በ99ኙ ይህ ትል የሚመደብበት ወገን እንቁላል ተገኘ። ሞተው በተከፈቱት ውስጥ ደግሞ በድምሩ 42 ዓይነት ጥገኛ ተሕዋስያን ተለዩ።

ይህ ቁጥር ሜዳ ላይ ሲወርድ እንዲህ ነው የሚነገረው።

«አባቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የትል መድኃኒት የዋጠው መቼ ነው?»

«እሱ? እሱማ ውጦ አያውቅም ዶክተር። የምገዛው ለላሞቹ ነው።»

«ላሟ ወተት ስለምትሰጥ ነው?»

«እሱስ ምን ይሰጣል? ይሸከማል እንጂ።»

በ2017 ቢሾፍቱ በሌላ ምክንያት በአህያ ስሟ ተነሣ። ቆዳው ለቻይና ባሕላዊ መድኃኒት የሚፈለግ ስለሆነ የአህያ ቄራ ተከፍቶባት ነበር፤ የከተማው ነዋሪ አጉረመረመ፣ አስተዳደሩም በሳምንታት ውስጥ ዘጋው። በየካቲት 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሪቱ እንዲቆም ወሰኑ። ጋሪውን ባጃጅ ከአስፋልት ገፍቶታል፤ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ውኃውም፣ ገለባውም፣ የወፍጮ ቤቱ ጤፍም አሁንም በአህያ ጀርባ ነው።

መድኃኒቱ በአፉ ጥግ የተጨመቀለት አህያ ምላሱን ያወራጫል፣ ከንፈሩን ይሰበስባል፣ ትንሽ ይተፋል። ቧንቧው ውስጥ ያሉት ትሎች በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ከዚያ ገበሩ የሚያቋርጠው ሳይኖር የረጋውን ደም ያለብሰዋል፤ እብጠቱ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ግድግዳው ላይ ጠባሳ ይቀራል። አህያው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጄሪካን ግራና ቀኝ ታስሮለት ዳገቱን ይወጣል።